ተዘቅዝቆ የተለካው ኮረብታ

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠያቂ ነኝ። ባደግሁበት ሰፈር በመንደራ ቆጪ አብረውን የኖሩ ጎረቤቶች ሁሉ ይመሰክሩብኛል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠራች ሰው ናት፤ ፋይል ሲጠፋ ያማታል ይሏታል። ስለ እኔ ግን «ይቺ ልጅ የመጀመሪያውን መልስ ሳትሰማ ሁለተኛውን ትጠይቃለች» ከማለት ሌላ የምትለው አልነበራትም። እንዲህ ዓይነት ልጅ ሁለት ዕድል ብቻ ነው ያላት፤ ወይ ፖሊስ ትሆናለች፣ ወይ ኢንጂነሪንግ ትገባለች። ፖሊስነቱ በቁመቴ ምክንያት ቀረ።

ኢንጂነሪንግ ገብቼ ያጠፋሁት ጥፋት በራሴ ላይ ብቻ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለእናንተ አላወራውም ነበር፤ ሰው የራሱን ጉድ ችሎ ይኖራል። እኔ ግን አንድ መንደር ሙሉ ሕዝብ ውሃ ላሳጣ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። የቅየሳ ትምህርት ነበረን፤ መሬት መለካት ማለት ነው። የትምህርቱን ሞጁል ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያስነሳነው። እኛ ያስነሳነው ከእኛ በፊት ያለፉት ካስነሱት ነው፤ እነሱም ያስነሱት ከእነሱ በፊት ካለፉት ነው። እንዲህ ወደ ኋላ እያላችሁ ብትሄዱ አንድ ቦታ ላይ ዋናውን ታገኙት ይሆናል። እኔ ግን ያየው ሰው አላጋጠመኝም።

ጽሑፉ እንደምንም ይነበባል። ስዕሎቹ ናቸው የጠፉት። «ከታች በስዕሉ እንደሚታየው» ይላል፤ ከታች ያለው ጥላሸት ነው። ሌላው ተማሪ ጥላሸቱን አልፎ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሄዳል። እኔ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። አንዱ ጥላሸት ውስጥ እግር የመሰለ ነገር አገኘሁና ይህ እግር የማን ነው ስል ሳምንት ከረምኩ። የመሣሪያው ማስቀመጫ እግር ነው ለካ።

ከሁሉም ከሁሉም ግን ገጽ አርባ አንድ ነው የገደለኝ። የለም። አርባ የሚያልቀው፣ ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ «ተማሪው በተለይ ሊጠነቀቅ የሚገባው» ብሎ ነው። አርባ ሁለት የሚጀምረው ደግሞ «አለበለዚያ ውጤቱ በሙሉ የተሳሳተ ይሆናል» ብሎ ነው። ከምንድን ነው የምንጠነቀቀው? የክፍሉን ልጆች አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ሁሉም ያስነሳው ከዚያው ቤት ነው፤ አርባ አንድ ማንም ጋ የለም። ታሪኩ የሚባለው የቡድን ጓደኛዬ፣ የሆሳዕና ልጅ ነው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ የሚዘምር፣ ድምፁንም ጠባዩንም ከፍ የማያደርግ፣ «ከሁሉም ነገር እንጠንቀቅ» አለኝና ነገሩን ዘጋው።

መምህራችን የደዶ ተወላጅ ነው። የተግባር ልምምዱን ግቢ ውስጥ ሣር ከምንለካ አንድ ቁም ነገር እንድንሠራ ፈለገ። ከደዶ ከተማ አለፍ ብሎ ባለ አንድ መንደር ውስጥ ሁለት ኮረብታ ፊት ለፊት ቆሟል፤ መካከላቸው ሸለቆ ነው፤ በሸለቆው ወንዝ ይወርዳል። በአንደኛው ኮረብታ ላይ ከድንጋይ ስር የሚወጣ ንጹሕ ምንጭ አለ። በሌላኛው ላይ ትምህርት ቤቱና መንደሩ አሉ። ምንጩ ከትምህርት ቤቱ ከፍ ካለ ውሃው በቧንቧ ሸለቆውን ወርዶ፣ መልሶ ራሱ ይወጣል፤ ሞተር አይፈልግም። ዝቅ ካለ ግን አይወጣም። በዓይን ሲታዩ ሁለቱ ኮረብታዎች እኩል ናቸው።

ቧንቧው ተዘጋጅቶ ወረዳው ዘንድ ተቀምጧል። ሰኞ የወረዳው ባለሙያ ይመጣል። ውሃው እንደሚደርስ የሚያሳይ ልኬት ከተገኘ ቧንቧው ለዚህ መንደር ይሆናል፤ ካልተገኘ ወረፋ ለያዘው ለሌላው መንደር ይሰጣል። ልኬቱን የምንሠራው እኔና ታሪኩ ነን። ቀኑ ቅዳሜ ነው።

ከሚኒባስ ስንወርድ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆኑት አባ ኦሊ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀበሉን። ሽማግሌ ናቸው፤ ከሲታ፤ ሲያወሩ ዓይናቸው ይስቃል። ከአጠገባቸው አንዲት ወፍራም ሴት ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል፤ አዴ ዘይቱና ይባላሉ። ሁለቱ በዚህ ውሃ ጉዳይ ለዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። አባ ኦሊ «ኒ ገኣ» ይላሉ፤ ይደርሳል ማለት ነው። አዴ ዘይቱና «ሂን ገኡ»፣ አይደርስም ይላሉ። መንደሩም ለሁለት ተከፍሎ ኒ ገኣና ሂን ገኡ ሆኗል።

«እኔ በእግሬ ለክቼዋለሁ» አሉኝ አዴ ዘይቱና። «በየቀኑ እመላለሳለሁ። ከትምህርት ቤቱ ወደ ምንጩ ስሄድ ይቀለኛል። ከምንጩ ወደ ትምህርት ቤቱ ስመለስ ወገቤ ይቆረጣል። የቱ ነው ታዲያ ከፍ የሚለው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ስትመለሺ ጀሪካን ተሸክመሻል እኮ!» አሉ አባ ኦሊ።

«ጀሪካኑንማ ለምጄዋለሁ።»

እኔ በጣም ደስ አለኝ። መልሱ የማይታወቅ እውነተኛ ጥያቄ አግኝቼ አላውቅም ነበር፤ የሞጁሉ ጥያቄዎች መልስ ሁሉ ከኋላ ተጽፏል።

መሣሪያችን ሌቭል ይባላል። በሦስት እግር ላይ የሚቀመጥ መነጽር ነው። አዲሶቹን ሌሎች ቡድኖች ቀድመው ስለወሰዱ ለእኛ የደረሰችን ከመምህራችን በዕድሜ የምትበልጥ፣ የከበደች፣ ቀለሟ የለቀቀ ሌቭል ናት። ሥራው እንዲህ ነው። አንዱ በመነጽሩ ያያል፤ ሌላው ቁጥር የተጻፈበት አራት ሜትር እንጨት መሬት ላይ ያቆማል። ቁጥሩ ከታች ከዜሮ ተነስቶ ወደ ላይ ይሄዳል። እንጨቱ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ሲቆም በመነጽሩ ትልቅ ቁጥር ይታያል፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሲቆም ትንሽ ቁጥር። ያንን እየጻፉ ከቦታ ቦታ መሄድ ነው።

ታሪኩ እንጨቱን ይዞ ምንጩ ላይ ቆመ። እኔ ዓይኔን መነጽሩ ላይ አደረግሁ። ወዲያው ደግሞ አነሳሁ።

ታሪኩ በጭንቅላቱ ቆሟል።

በባዶ ዓይኔ አየሁት፤ በእግሩ ነው የቆመው። እንደገና በመነጽሩ አየሁት፤ ሰማዩ ከታች ነው፣ ሣሩ ከላይ፣ ታሪኩ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥሏል። አሮጌ ሌቭሎች ነገሩን ገልብጠው እንደሚያሳዩ ያኔ አላወቅሁም። ግን ዋናው ችግሬ ታሪኩ አልነበረም፤ እሱ ቢንጠለጠልም ግድ የለኝም። ችግሬ ቁጥሩም ተገልብጦ መታየቱ ነው። ስድስቱ ዘጠኝ ነው፣ ዘጠኙ ስድስት ነው።

«ታሪኩ! እንጨቱን ገልብጠህ ያዘው!» ብዬ ጮህኩ።

«ለምን?» አለ ታሪኩ።

በሕይወቴ ሙሉ ለምን ስል የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን ለምን ሲሉኝ «ዝም ብለህ ገልብጠው!» አልኩ። ታሪኩ ሰው ማስቸገር የማይወድ ልጅ ነው፤ ገለበጠው። ቁጥሮቹ ቀጥ ብለው ታዩኝ። ራሴን አደነቅሁ። ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ መንደሩ በሙሉ መጣ። ሦስት እግር ያለው ዕቃ መሐል ሜዳ ላይ ሲተከል ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። መጀመሪያ ሴቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ፊት ለፊታችን ተደረደሩ፤ ካሜራ መስሏቸው ነው። አለመሆኑን ባስረዳም «ግድ የለም፣ አንዴ አንሺን» አሉኝና አንድ ጊዜ ያነሳኋቸው መስዬ አለፍኩ። ቀጥሎ አንድ ሰው መጥቶ ጎረቤቱ አጥሩን አንድ ክንድ ገፍቶ እንደሆነ በመነጽሩ እንዳይለት ጠየቀኝ። ጎረቤቱም መጣ። ሁለቱ እዚያው ሲጨቃጨቁ እኔና ታሪኩ ዕቃችንን ይዘን ሸለቆውን ወረድን።

ከሁሉ የባሰው አቶ ተማም ናቸው። በማሳቸው ጥግ ምልክት የሚሆነን ችካል ስንተክል ቆመው አዩን።

«መንገዱ በዚህ ነው አይደል የሚያልፈው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«መንገድ አይደለም ጋሼ፣ የውሃ ልኬት ነው።»

«እሺ፣ እሺ። ውሃ ነው እንበል» አሉና ጠቀሱኝ።

ትምህርት ቤቱ ደርሰን፣ ልኬታችንን ለማረጋገጥ እየለካን ወደ ምንጩ ስንመለስ፣ ጠዋት ባዶ የነበረው የአቶ ተማም ማሳ ጥግ በቡና ችግኝ ተሞልቷል። ችግኞቹ በእኛ ችካል መስመር ላይ ወታደር መስለው ተሰልፈዋል፤ ካሳ የሚጠብቁ ወታደሮች። አቶ ተማም ላብ በላብ ሆነው ገና እየቆፈሩ ነው። «ይሄ ቡና የቆየ ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

ምንጩ ዘንድ ተመልሰን ሂሳቡን ሠራን። ሄደን የለካነውና ተመልሰን የለካነው የተለያየው በጣት ስፋት ብቻ ነው። ይህ የሥራ ጥራት ማረጋገጫ ነው፤ መምህራችንም እንዲህ እንደማይገጥምለት ራሱ ነግሮናል። ታሪኩ «ጌታ ይመስገን» አለ። የየቦታውን ከፍታ አንድ በአንድ ማስላቱን ለሪፖርቱ ብለን አቆየነውና ድምርን ከድምር ቀነስን። ምንጩ ከትምህርት ቤቱ ስድስት ሜትር ዝቅ ይላል።

አይደርስም።

ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ስንገባ ሰዉ ተሰብስቦ ይጠብቀን ነበር። አባ ኦሊ ፊቴን አይተው ሳልናገር ገባቸው። ነገርኳቸው። ለሕዝቡ በኦሮምኛ የተረጎሙት ራሳቸው ናቸው፤ «ሂን ገኡ» የምትለውን ቃል ከአፋቸው ስትወጣ የሰማ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን አወጡ።

አዴ ዘይቱና «አላልኳችሁም?» ብለው የሚዘፍኑ መስሎኝ ነበር። የዓመታት ክርክር አሸንፈዋል እኮ። እሳቸው ግን የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱት።

«ወላሂ» አሉ፣ «ምነው በዚህስ በተሸነፍኩ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ ለእኔ የልምምድ ሥራ ነበር። እኚህ ሴት ነገም ከነገ ወዲያም ያንን ሸለቆ ጀሪካን ተሸክመው እንደሚወጡ አሁን ነው የታየኝ። ዕቃ ማሰናዳት ጀመርኩ።

አባ ኦሊ ተነስተው መጡ። «ልጄ፣ ይሄን ነገር ሳትዘጊው እኔም አንዴ ልይበት። ይሄን ሁሉ ዓመት ያሸነፈኝን ኮረብታ ልየው» አሉኝ። መነጽሩን አስተካከልኩላቸው። ታሪኩ ራቅ ብሎ እንጨቱን ቀኑን ሙሉ እንዳስያዝኩት ይዞ ቆሟል። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተመለከቱ። ቀና አሉ። እንደገና ተመለከቱ።

«ሱብሐነላህ! ያ ልጅ ለምን ተዘቀዘቀ?»

«መሣሪያው ነው አባባ፣ ገልብጦ ነው የሚያሳየው።»

«ዛፉንም?»

«ዛፉንም።»

«ትምህርት ቤቱንም?»

«ሁሉንም ነው የሚገለብጠው አባባ።»

አባ ኦሊ ዓይናቸውን ከመነጽሩ ሳያነሱ በእርጋታ ጠየቁ፦

«ታዲያ ቁጥሩን ለምን ሳይገለብጠው ቀረ?»

እኔ ዞሬ በታሪኩ እጅ ያለውን እንጨት አየሁት።

መሣሪያው ሁሉን ይገለብጣል። ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ከታየ፣ እንጨቱ ተገልብጧል ማለት ነው። እንጨቱ ከተገለበጠ ዜሮው ከላይ ነው። ዜሮው ከላይ ከሆነ ዝቅ ያለው ቦታ ከፍ ብሎ፣ ከፍ ያለው ዝቅ ብሎ ተመዝግቧል። ሄደንም ተመልሰንም ገልብጠን ስለያዝን ሁለቱ ስህተቶች እንደ መንትያ ገጠሙ። ገጽ አርባ አንድ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር በዚያች ደቂቃ ሳላነበው አወቅሁት።

ደብተሬን ዘርግቼ የየቦታውን ከፍታ አሰላሁ።

«ታሪኩ፣ ና እስቲ። ወንዙ የት ነው ያለው?»

«ሸለቆው ውስጥ ነዋ» አለ።

«በእኛ ልኬት ከሁለቱም ኮረብታ በላይ ነው የሚፈሰው። በሠላሳ ሜትር።»

ታሪኩ ደብተሩን አየ፣ ሸለቆውን አየ፣ እኔን አየ። «ለምን ብዬሽ ነበር እኮ» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሕዝቡ ገና አልተበተነም። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ፤ ግን ተነስቼ ተናገርኩ። የተሳሳተው መሣሪያው እንዳልሆነ፣ ታሪኩም እንዳልሆነ፣ እኔ እንደሆንኩ። አባ ኦሊ ሲተረጉሙ ድምፃቸው ከፍ እያለ፣ ከፍ እያለ ሄደና መጨረሻ ላይ «ኒ ገኣ!» ብለው ጮሁ። ሰዉ አጨበጨበ።

«ቆዩ!» አሉ አዴ ዘይቱና። «ቅድም ሂን ገኡ ያለች ልጅ አሁን ኒ ገኣ ስላለች እናምናለን? ለሰኞ ደግሞ ምን ልትል ነው?»

ሴትዮዋ እውነታቸውን ነው። በሂሳቡ ከሄድን ውጤቱን መገልበጥ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ግን በዚያ ቀን ከእኔ አፍ የወጣ ሂሳብ ማን ይቀበላል? እኔም ራሴ አልቀበልም።

«ነገ እንደገና እንለካለን» አልኩ።

«እንጨቱን የምይዘው እኔ ነኝ» አሉ አዴ ዘይቱና። «ዜሮውን ብቻ አሳዪኝ።»

እሑድ ታሪኩ መዝሙሩን ዘምሮ፣ ስብከቱ ሳያልቅ ወጥቶ፣ የመዘምራን ልብሱን እንደለበሰ ሚኒባስ ተራ ተገናኘን። አዴ ዘይቱና ምንጩ ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ቀኑን ሙሉ እንጨቱን ለማንም አልሰጡም። በየቦታው ሲያቆሙት «ዜሮው መሬት ላይ ነው!» ብለው ሸለቆው እስኪያስተጋባ ይጮሃሉ። እኔ ተገልብጦ የሚታየውን ቁጥር ዓይኔ እስኪያለቅስ አነበብኩ፤ ታሪኩ ጻፈ። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ አስልተን ወንዙ ታች መሆኑን አረጋገጥን። አቶ ተማም ችግኞቻቸውን ውሃ ሲያጠጡ አገኘናቸው፤ ዘወር ብለን አለፍን።

ምንጩ ስድስት ሜትር ከፍ ይላል።

አዴ ዘይቱና ውጤቱን ሲሰሙ እንጨቱን ለታሪኩ መለሱ። ትንሽ አሰቡና «እንግዲህ ጀሪካኑ ኖሯል» አሉ። አባ ኦሊ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ወደ ሸለቆው ዞሩ።

ሰኞ የመጣው የወረዳው ባለሙያ በራሱ መሣሪያ ለካ፤ የእኛኑ የእሑድ ውጤት አገኘ። መምህራችን ሪፖርታችንን ሲያነብ ፊቱን እያየሁ ነበር። የቅዳሜውን ልኬት ከፈለግን ከሪፖርቱ ማውጣት እንደምንችል ነገረን። አናወጣም አልን። ቢ ሰጠን። ታሪኩ ኤ ይገባው ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ አባ ኦሊ ደወሉልኝ። «ነገ ይከፈታል፣ በጠዋት ነይ» አሉኝ። ታሪኩ ለእረፍት ሆሳዕና ሄዶ ስለነበር ብቻዬን ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አዲስ ቧንቧ ቆሟል። አባ ኦሊ ከፈቱት። ምንም የለም። ቧንቧው አንዴ ሳለ። ዝም አለ። እንደገና ሳለ። ስድስቱን ሜትር በጭንቅላቴ እንደገና መቀነስ ጀመርኩ። ከዚያ ጭቃ የመሰለ ውሃ ተረጨ፣ ነጣ፣ ጠራ፣ እንደ ክንድ ወፍሮ መውረድ ጀመረ። እልልታው ሲቀልጥ አባ ኦሊ ወደ ኋላ አሉና ለአዴ ዘይቱና ቦታ ለቀቁላቸው።

አዴ ዘይቱና እጃቸውን ውሃው ስር ዘረጉ። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ይሄ ውሃ ይሞቃል» አሉ። «ምንጩም ላይ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ነው፤ ቀትር ላይ ግን ይቀዘቅዛል። ለምንድን ነው?»

«ጠዋት እጅሽ ስለሚበርደው ነው» አሉ አባ ኦሊ።

«እጄን አውቀዋለሁ። ውሃው ነው።»

ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

«አላውቅም» አልኩ። «ቀትር ላይ እንንካው።»

ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ። ትምህርት ቤቱ ጥግ ተቀምጠን ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትደርስ ስንጠብቅ፣ ሁለቱ ስለ ልጆቻቸው አወሩኝ፤ ስለ ቡናው አወሩኝ። ቀትር ሲሆን ሦስታችንም ተነስተን ሄድንና እጃችንን ባንድ ላይ ቧንቧው ስር ዘረጋን።

ቀዝቅዟል። ውሃው ይሁን እጃችን፣ ገና እንከራከርበታለን።